ስሙ በመዝገብ፣ ጥፋቱ በመሳቢያ፦ በሽተኛ ስለ ሐኪሙ ምን ማወቅ ይችላል?

አዳማ ውስጥ አንድ ሰው ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲያዝለት፣ ቤተሰቡ ከገንዘቡ እኩል የሚጨነቅበት ሌላ ነገር አለ፤ ሐኪሙ ማን ነው? ስልክ ይነሳል። ወንጂ ላለ የእህት ባል፣ ሆስፒታል ውስጥ ለምትሠራ የጎረቤት ልጅ፣ አምና እዚያው ክሊኒክ ለወለደች ዘመድ ይደወላል። «እጁ እንዴት ነው?» «ሰው ሞቶበት ያውቃል?» «ረጋ ብሎ ያያል ወይስ ያጣድፋል?» ማታ ላይ ቤተሰቡ ፍርድ ይሰጣል። ወይ እዚሁ ይታከማል፣ ወይ ተበድሮም ቢሆን አዲስ አበባ ይወሰዳል።

ይህ ጥናት ነው። ዘዴው የስልክ ወሬ፣ ማስረጃው የሰው ትዝታ ቢሆንም ጥናት ነው። ችግሩ ውጤቱ በደዋዩ ዘመድ ብዛት መወሰኑ ላይ ነው። መቂ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ለቅማ የምታድር እናት ምጥ ሲጠናባት የምትደውልላት ነርስ የላትም። እሷ የሚደርሳት ተረኛው ነው።

ስለዚያ ተረኛ መንግሥት ምን ያውቃል? ከሚያውቀውስ ለበሽተኛዋ ስንቱን ይነግራታል? ይህን ለመመለስ መዝገቡ ራሱ ከየት እንደመጣና ለምን ተብሎ እንደተከፈተ ማየት ያስፈልጋል።

ዘመናዊ ሕክምና ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር ሐኪሞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሩሲያውያኑ ከአድዋ ድል በኋላ መጡ፤ ፈረንሳዩም፣ እንግሊዙም፣ ጣሊያኑም በየለጋሲዮኑ በኩል ሐኪም አስገባ። የአንዱ ሐኪም ችሎታ የሚረጋገጠው በላከው መንግሥት ክብር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙበት ዘመን የሆነው ነገር የዚህን አሠራር ድካም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1909 ከጀርመን የመጣው ዶክተር ሽታይንኩለር ንጉሠ ነገሥቱ እየተመረዙ ነው ብሎ ተናገረ። ቤተ መንግሥቱ ታመሰ፤ ክሱ ግን አልጸናም፤ ሐኪሙም ተሰናበተ። የአገሪቱ ትልቁ በሽተኛ እንኳ ሁለት ሐኪም የተለያየ ነገር ሲነግረው የማንኛቸውን ያለፈ ሥራ ገልጦ የሚያይበት ቦታ አልነበረውም። የተጋጨውን የዳኘው የቤተ መንግሥት ፖለቲካ ነው።

በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ለጥያቄው ግማሽ መልስ ተገኝቶ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣችው የሕክምና ሕግ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት አቋቋመች፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሐኪሞች መዝገብ ታተመ። የሕጉ መግቢያ ዓላማውን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ሕክምና የሚፈልግ ሰው የተማረውን ካልተማረው መለየት እንዲችል። ልብ ይባል፤ መዝገቡ የተከፈተው ለበሽተኛው ተብሎ ነው። የሚነግረው ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ሐኪም ነው ወይስ አይደለም። ጎበዝ ነው ወይ? ሰው ጎድቷል ወይ? ተከሶ ያውቃል ወይ? ስለዚህ መዝገቡ ዝም ይላል።

ኢትዮጵያ የወረሰችው ይህንኑ ነው፤ ዝምታውን ጨምሮ። ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 100 ተተካ። ጊዜው የግድ የሚል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ውስጥ የቀረ፣ ከውጭ የገባ፣ መርፌ ይዞ በየከተማው የሚዞር ብዙ ነበር። መጀመሪያ ማን ሐኪም እንደሆነ ማወቅ ነበረበት መንግሥት። ይህ ትክክለኛ መጀመሪያ ነው። የሚያስወቅሰው ሰማንያ ዓመት ሙሉ እዚያው መጀመሪያ ላይ መቆሙ ነው።

ናዝሬት የሚለው ስም በጸናበት በዚያው ዘመን ለከተማዋ ሆስፒታል ተከፈተላት። በ1938 ዓ.ም. የሜኖናይት ሚሲዮናውያን የጥጥ መዳመጫ የነበረ ሕንፃ ወደ ሆስፒታል ለወጡ፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞም ተሰየመ። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ያ ነው። ሚሲዮናውያኑ ከማከም ሌላ ድሬሰሮችን አሠለጠኑ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ መድኃኒት ሰጪ ነው፤ በኋላ «ጤና ረዳት» የተባለው። ከእነዚህ መካከል በየከተማው ሄደው የራሳቸውን ክሊኒክና መድኃኒት ቤት የከፈቱ ነበሩ። ሕዝቡ ሁሉንም «ሐኪም» ይላቸው ነበር፤ ዛሬም ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» እንደሚባለው።

ለድሬሰሩ የሚመሰክርለት መዝገብ ሳይሆን የተማረበት ቦታ ስም ነበር። «ሚሲዮን የተማረ ነው» ከተባለ አለቀ። ይህ እስከ ዛሬ የዘለቀ ልማድ ነው፤ «ጥቁር አንበሳ የተማረ ነው»፣ «ጎንደር ነው የጨረሰው» ሲባል ሰው ይረጋጋል። ትምህርት ቤት ግን የጅማሬ ምስክር ነው። ከተመረቀ ሃያ ዓመት የሆነው ሰርጀን ባለፉት አምስት ዓመታት ምን እንደሠራ ዲግሪው አይናገርም።

ወጌሻው ግን ሌላ ዓይነት መዝገብ አለው ሊባል ይችላል። ያሰረው እግር ድኖ ሰውየው ገበያ ሲሄድ ይታያል፤ ካልዳነም ሲያነክስ ይታያል። ውጤቱ አደባባይ ላይ የሚሄድ ባለሙያ ነው። እንግዲህ የሰፈር ትዝታ ጥሩ መዝገብ ቢሆን ኖሮ መጥፎው ወጌሻ ደንበኛ ባጣ ነበር። አጥንት ሐኪሞች ግን በጥብቅ ታስሮ ደም ያጣ፣ ጠቁሮ የመጣ፣ ከመቁረጥ ሌላ መላ የሌለው የሕፃን እጅና እግር በተደጋጋሚ እንደሚያዩ ጽፈዋል። ሰፈር የዳነውን ያስታውሳል፤ ያልዳነውን «እድሉ ነው»፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎ ያልፋል። የስልክ ወሬውም ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደለም። ሳቂታው ሐኪም ይወደሳል፤ ቁጡው ይፈራል። ሌሎች የሸሹትን ከባድ በሽተኛ የሚቀበል ሰርጀን «ሰው ይሞትበታል» የሚል ስም ይተርፈዋል።

ሕጉ በበኩሉ በ1952 ዓ.ም. አንድ ትልቅ እርምጃ ሄደ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ አዘዘ፤ ቁጥር 2647 ሐኪም የሙያውን ሕግ ጥሶ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው አለ፤ ቁጥር 2651 ሆስፒታሉን በቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ተጠያቂ አደረገው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን በቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገደበ። በ1952 አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇን በወሊድ ያጣች እናት ኅሊናዋ የደረሰበትን በዚህ አንቀጽ ልታስከፍል ብትሄድ ጠበቃውን ለማናገር የወጣውን እንኳ አይመልስላትም። ላይ ደግሞ ከውል ውጭ ለሚነሳ ክስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ፣ የሕክምና ካርዱን ኮፒ ለማግኘት የሚመላለስ ቤተሰብ፣ ሁለት ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አያውቀውም።

የዚህ ትርጉም ከካሳው በላይ ነው። በሌሎች አገሮች የሐኪም የጥፋት ታሪክ አደባባይ የሚወጣው በብዛት በፍርድ ቤት በኩል ነው። ክስ የማያዋጣ ከሆነ ፋይል አይከፈትም፤ ፋይል ካልተከፈተ ታሪክ አይኖርም።

በደርግ ዘመን ሕክምና በአብዛኛው የመንግሥት ስለነበር በሽተኛው የሚመርጠው ነገር አልነበረም፤ የማይመረጥ ሐኪምን ታሪክ ማጥናትም ትርጉም የለውም። ጥያቄው የተመለሰው የግል ክሊኒክ በሩን ሲከፍት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ተቋማት ፈቃድ ደንብ ቁጥር 174 መንገዱን ከፈተ። ከዚያ በኋላ አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያድርባት፣ ነጋዴ የሚውልባት፣ ከ1992 ጀምሮም ለተወሰኑ ዓመታት የኦሮሚያ ርዕሰ ከተማ የሆነች ከተማ ነችና፣ «መካከለኛ ክሊኒክ»፣ «ከፍተኛ ክሊኒክ» የሚል ሰሌዳ በየዋናው መንገድ በዛ። ሰሌዳው የሕንፃውን ደረጃ ይናገራል። ፈቃዱም ግድግዳው ላይ በፍሬም ተሰቅሏል። ውስጥ ያለው ሰው ግን ማክሰኞ እዚህ፣ ሐሙስ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

የሐኪሙን ምግባር የሚመረምር አካል የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1994 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 76 የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ተቋቋመ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661፣ ሥራው ወደ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሄደ፤ የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም ቅሬታ ማየት ጀመረ። በ2006 የወጣው ደንብ ቁጥር 299 የሥነ ምግባር ግዴታዎቹን ዘረዘረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ባለሥልጣኑ ወደ ምግብና መድኃኒት ብቻ ሲመለስ የባለሙያ ቁጥጥሩ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ2017 የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1362 ተከተለ። ሃያ ጥቂት ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ቤት ቀይሯል። ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃው እንደሚጠፋበት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ኮሚቴው ያየውን ሕዝብ ያወቀው በአንድ በር ነው፤ ሐኪሞች ራሳቸው ባሳተሙት ጥናት። በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ኮሚቴው ዘንድ የደረሱ 60 ቅሬታዎችን ይመረምራል። 39ኙ በሽተኛው የሞተባቸው ናቸው። በብዛት የተከሰሱት የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞችና ሰርጀኖች ናቸው። ኮሚቴው ጥፋት አለ ያለው በ14ቱ ላይ ነው። በኋላ 125 ውሳኔዎችን ያየ ሌላ ጥናት ሲታተምም ጥፋት የተገኘባቸው ድርሻ ከሩብ ብዙም አልራቀም።

እነዚህን ቁጥሮች ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። በመጀመሪያ፣ በሦስት ዓመት 60 ቅሬታ በሚሊዮኖች ለሚቆጠር በሽተኛ ከምንም አይቆጠርም። የአቤቱታው ቦታ አዲስ አበባ መሆኑ፣ ሰው የት እንደሚከስ አለማወቁ፣ ሞትን ለፈጣሪ መተዉ፣ ሁሉም በዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። ሁለተኛው ለሐኪሞቹ የሚናገር ነው። ከአራት ከሳሾች የሦስቱ ክስ አልጸናም። ቅሬታው እንደቀረበ በሐኪሙ ስም ሥር ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ያላጠፋ ብዙ ሰው ስሙ ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ በተለይም ሌሊት ሦስት ሰዓት ላይ ደም የፈሰሳትን እናት የሚቀበለው። ሦስተኛው ለበሽተኛው የሚናገር ነው። 14ቱ አሉ። ተመርምረዋል፣ ተረጋግጠዋል፣ ውሳኔ ተሰጥቷል። ጥናቱ እንደ ጥናት ወግ ስም አልጠራም። ከኮሚቴው ውጭም አንድ የአዳማ ነዋሪ የሐኪሙን ስም ጽፎ «ይህ ሰው ጥፋት ተገኝቶበት ያውቃል ወይ?» ብሎ መልስ የሚያገኝበት መስኮት በተግባር የለም።

ይህ ጉዳይ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ሞጆ፣ አዳማ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሁሉም በሚኒባስ የሚደራረሱ ከተሞች ናቸው። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሆኖም ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ናት። በሌላው ጫፍ አዲስ አበባ አለች፤ የራሷ ተቆጣጣሪ ያላት። ስለዚህ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሦስት የቁጥጥር አጥር አለ። ባለሙያው አጥሩን በታክሲ ይሻገራል። ስሙን የሚከተለው ወሬ አዲሱ ከተማ ላይ አይደርስም፤ ማስጠንቀቂያ የጻፈለት ቢሮ ፋይልም የሚሄደው አዲሱ ቀጣሪ ከጠየቀ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነገር አይደለም። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የመጣው መዝገብን ለዓለም ካስተማረችው ከብሪታንያ ነው። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ፔቲዲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለራሱ ሱስ በሐሰት ማዘዣ ሲያወጣ ተይዞ 600 ፓውንድ ተቀጣ። ምክር ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለትና ከመዝገብ ሳይሰርዘው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሃይድ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሥራ ጀመረ። በሽተኞቹ ስለ ደብዳቤው የሚያውቁት አልነበረም፤ እንዲያውም አሮጊቶቹ የሚወዱት፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በ15 በሽተኞች ግድያ ተፈረደበት፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ የገደላቸውን ወደ 250 ገመተ። የሃይድ ሰዎችም ልክ እንደ አዳማ ሰዎች ጠያይቀው ነበር የሄዱለት፤ ወሬው ስለ እሱ የሚለው ጥሩ ብቻ ነበር። ዛሬ የዚያው ምክር ቤት መዝገብ ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ ሐኪሙ የተጣለበት እገዳም እዚያው ላይ ይነበባል። ለዚህ የተከፈለውን ዋጋ ቁጥሩ ይናገራል።

አሜሪካኖች ሁለቱንም መንገድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው ብሔራዊ የመረጃ ቋት የሐኪሞችን የካሳ ክፍያና ቅጣት ይሰበስባል፤ ሆስፒታሎች ከመቅጠራቸው በፊት ያዩታል፤ ተራ ሰው ግን በስም ፈልጎ ማየት አይችልም። ተዘግቶም ቢሆን ይህ አንድ ነገር ይጠቅማል፤ ከግዛት ግዛት የሚሸሸውን ይይዛል። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ከዚህ አልፋ የሐኪሙን መገለጫ ለሕዝብ ከፈተች፤ የአሥር ዓመት የካሳ ክፍያና ቅጣት ይታይበታል። ብልህነቷ ያለው ግን በሌላ ነገር ላይ ነው። የካሳው መጠን ብቻውን አይቀመጥም፤ ከዚያው ሙያ ሐኪሞች ጋር ተነጻጽሮ አማካይ፣ ከአማካይ በላይ ወይም በታች ተብሎ ነው የሚወጣው። የማህፀን ሐኪምን ከቆዳ ሐኪም ጋር ማወዳደር ግፍ መሆኑን ሕጉ ያውቃል።

እዚህ አገር የሚቀርበው መከራከሪያ ይታወቃል። ሐኪም ጥቂት ነው፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ መድኃኒትና ኦክሲጅን የጎደለበት ሆስፒታል ውስጥ የሞተ በሽተኛ ጥፋቱ የማን ነው? ስም ቢወጣ ሐኪሞች ከባድ በሽተኛ መንካት ያቆማሉ፤ «ሪፈር» ብሎ መሸኘት ይበዛል፤ በመንገድ ላይ የሚሞተው ደግሞ በማንም አይመዘገብም። ይህ እውነት ነው፤ ቀላል እውነትም አይደለም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 613ም ስም ማጥፋትን ስለሚቀጣ በጉዳዩ ያዘነ ሰው ራሱ አደባባይ ላይ ቢጽፍ ከሳሹ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን መከራከሪያው የሚሠራው ባልተረጋገጠ ቅሬታ ላይ ነው። ባለሙያዎች ራሳቸው ተቀምጠው፣ የሐኪሙን መልስ ሰምተው፣ ካርዱን አንብበው «ጥፋት አለ» ባሉት ውሳኔ ላይ አይሠራም። ያ ውሳኔ በሙያው ሚዛን የተመዘነ ነው። ከዓመት ዓመት በጣት የሚቆጠር ነው። የኦክሲጅን እጥረትም ቢሆን ውሳኔው ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው የሐኪሙ ስም ብቻ ሳይሆን ኦክሲጅን ያላቀረበው ተቋም ስምም ነው። ምናልባት መዝገቡን መክፈት ከሐኪሞች ይልቅ አስተዳዳሪዎችን የሚያስፈራው ለዚህ ይሆናል። ደግሞም ዝምታው ለንጹሖቹ ሐኪሞች ከለላ አልሆነም። ከክስ ነፃ የወጣው 46 ጉዳይም በመሳቢያው ውስጥ ነው ያለው፤ ሰፈሩ ግን «ሰው ሞቶበታል» ማለቱን አላቆመም።

እስከዚያ ድረስ አዳማ ላይ አንድ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው የታወቀ ነው። የሐኪሙ የሙያ ፈቃድ የታደሰ መሆኑን መጠየቅ፤ ቀዶ ሕክምናውን ማን ራሱ እንደሚሠራው፣ ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ሌሊት ቢደማ ማን እንደሚጠራ መጠየቅ፤ የስምምነት ወረቀቱን ከመፈረም በፊት ማንበብ፤ የካርዱን ኮፒ መያዝ፤ ጉዳት ከደረሰ የሁለት ዓመቱን ቀነ ገደብ መቁጠር፤ አቤቱታውን ለክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ በጽሑፍ አስገብቶ የገቢ ቁጥሩን መያዝ። የተቀረው ያው ወንጂ ላለው የእህት ባል መደወል ነው።